የጣሂራ አንገት

የተበላሸው ነገር ይህ ነው፤ ስርጉት እጇን የገራችው በታመመ አንገት ላይ ነበር። አንገቱ የጣሂራ ነው። ሰባት ወር ሙሉ በየምሳ ሰዓቱ ለክታዋለች፣ በየቀኑም ጤነኛ ነው ብላ አምናለች፤ ካንሰሩ ግን እዚያው ከእጇ ሥር እያደገ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። አሶሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ላለች አንዲት የግል ክሊኒክ አዲስ የአልትራሳውንድ ማሽን መጣ። ይህኛው እንደ አሮጌው ሥዕል ብቻ አያሳይም፤ ያበጠ ንፍፊት ምን ያህል እንደጠጠረ በቁጥር ይናገራል። ሥጋ ውስጥ ትንሽ ግፊት ይልክና ግፊቱ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥ ያያል። በለስላሳ ሥጋ ውስጥ ቀስ ይላል፣ በጠጣር ውስጥ ይፈጥናል። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ነብዩ እንዳስረዳው ቁጥሩ ከሃያ በታች ከሆነ ብዙም አያሳስብም፤ ሠላሳን ካለፈ ግን ናሙና ተወስዶ አዲስ አበባ ይላካል። አንገቱ ላይ እብጠት ይዞ የሚመጣ ሰው በዚህ አገር ሞልቷል። አብዛኛው ቲቢ ነው፣ አንዳንዱ የጥርስ ጣጣ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ ካንሰር ነው። የሁሉንም ናሙና መላክ ስለማይቻል ማሽኑ ወንፊት እንዲሆን ታሰበ።

ወንፊቱን እንድትይዝ የተመረጠችው ስርጉት ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ በተቆረቆረ የሰፈራ መንደር የቀሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የራዲዮሎጂ ሥራ ተምራ በማዕረግ ተመረቀች። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ እሷ ትጨርስለታለች፤ ለምሳ ወረፋ ከመያዝ ጦሟን ብትውል ትመርጣለች። ሥራዋን ግን ታውቃለች። ይህንን ሁሉም ይመሰክርላታል፣ ከሁሉም በፊት ራሷ።

ዶክተር ነብዩ አንድ ደንብ ሰጣት። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት አንድ ጤነኛ አንገት ትመርጥና በየቀኑ ትለካዋለች። ፕሮብ የሚሉትን መዳሰሻ ጫን አድርጎ የያዘ እጅ ለስላሳውንም ሥጋ ጠጣር አስመስሎ ያስነብባል። ስለዚህ የጤነኛው አንገት ቁጥር ከፍ ካለ ጥፋቱ የእጅ ነው፤ እጅ ደግሞ ይታረማል።

«አንገቱ የሚዛን ድንጋይሽ ነው» አላት። «ድንጋዩ አይለወጥም። የምትለወጪው አንቺ ነሽ።»

ጣሂራ የተመረጠችው አንገቷ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ነው። ጤነኛም ሰው ትንንሽ ንፍፊት አለው፤ የእሷ ደግሞ ሳይፈለግ ይገኛል። የሆሞሻ ልጅ ናት፣ ከበርታ ብሔረሰብ፤ በክሊኒኩ ካርድ ታወጣለች፣ አማርኛ ለማይሆንላቸው በሽተኞችም ታስተረጉማለች። ስርጉት ስትጠይቃት አላቅማማችም። የማሽኑ ክፍል ማቀዝቀዣ አለው፤ በአሶሳ ቀትር ሃያ ደቂቃ በብርድ መተኛት ለእሷ ሽልማት ነበር። ሻሿን ታወልቃለች፣ ትጋደማለች፣ ስርጉት ያንን ቀዝቃዛ ጄል አንገቷ ላይ ስታፈስባት ትንቀጠቀጣለች።

«ይሄ ጄል ነው ወይስ የትናንት ባሚያ?» ትላለች።

«አትሳቂ። ስትስቂ ቁጥሩ ይበላሻል።»

«እንግዲህ አታስቂኝ።»

«እኔ መች አሳቅኩሽ?»

«ፊትሽ» ትላለች ጣሂራ።

የስርጉት አንድ እጅ ፕሮቡ ላይ፣ ሌላው ማሽኑ ላይ ስለሆነ ደብተሩን የያዘችው ጣሂራ ነበረች። ስርጉት ቁጥሩን ትጠራለች፤ ጣሂራ ደብተሩን ሆዷ ላይ አስደግፋ፣ ቀኑን በግራ ቁጥሩን በቀኝ እያደረገች ትጽፋለች። ጥቅምት ሙሉ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ነበር። ኅዳር ሲያልቅ አሥራ ስምንት ሆነ። ስርጉት በራሷ ተናደደች፤ ክንዷን ፈታ አድርጋ፣ ትከሻዋን አላልታ ሞከረች። በታኅሣሥ አጋማሽ ሃያ ሁለት ሆነ።

ጣሂራ እስክሪብቶዋን አቁማ ለምን ይጨምራል ብላ ጠየቀች።

«እጄ እየከበደ ነው» አለች ስርጉት።

«አንቺ ስትነኪኝ እኮ አልተጫንሽኝም። አይታወቀኝም።»

«ጣሂራ፣ ጻፊ።»

ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር ተኩል ስርጉት በሕይወቷ በጣም የደከመችበት ጊዜ ነው። ጄሉን አወፈረች። ፕሮቡን እንቁላል እንደያዘ ሰው በሦስት ጣት መያዝ ተማረች። ክርኗን ወደ ላይ አንስታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቆዳውን ሊነካ ሲል ማቆም ለመደች። ቁጥሩ ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ፤ ሃያ፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። በጥር መጨረሻ አሥራ አራት ላይ ተመልሶ ቆመ። በዚያ ቀን ስርጉት ጣሂራን ለስላሳ ጋበዘቻት፣ ዶክተር ነብዩም እጅሽ ተገርቷል፣ ሥራ ጀምሪ አላት።

ድንጋዩ ራሱ እየከበደ መሆኑን አላሰበችም። ጣቷን ልካ ያንን አንገት ብትዳስሰው ኖሮ ምናልባት ይገባት ነበር፤ ግን ማሽን እያለ በጣት መዳሰስ የድሮ ሐኪም ሥራ ነው ብላ የምታምን ሰው ናት።

በሽተኞች መምጣት ጀመሩ። ስርጉት ትለካለች፣ ደህና ነው ይሂድ ትላለች፤ ጣሂራ ይህንኑ በበርታ ቋንቋ ለመናገር አምስት ደቂቃ ይፈጅባታል። ከየት እንደመጣ፣ ማን ቤት እንዳረፈ፣ ፍየሉ፣ ልጁ፣ ማሽላው ሳይጠየቅ አይታለፍም። ስርጉት ሰዓቷን ታያለች። እኔ ያልኩት ሁለት ቃል ነው ስትላት ጣሂራ ሁለት ቃል የሚበቃው ለእናንተ ለሐበሾች ነው፣ እኛ መጀመሪያ ሰው መሆኑን እናጣራለን ብላ ትመልስላታለች። በዚህ ሁኔታ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ስድስት አንገት ተለካ።

ረመዳን ገባ። ጣሂራ ከሳች፤ ጾም ነው ተባለ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል አለች፤ በመጋቢት አሶሳ ውስጥ ላብ የማያጠምቀው ማን አለ ተባለች። ያለችው ስርጉት ናት። ዒድ አለፈ፣ ሥጋዋ ግን አልተመለሰም። ደረቅ ሳል ጀመራት፤ ስትጋደም ትንፋሽ ስለሚያጥራት የምሳ ሰዓቱ ልኬት በሚያዝያ መጨረሻ ተቋረጠ። አንድ ማክሰኞ ዶክተር ነብዩ ሳሉን ላዳምጠው ብሎ ጠራት። ጀርባዋን አዳመጠ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ አንገቷን በጣቶቹ ዳሰሰ፤ ጣቶቹም እዚያው ቀሩ። ስርጉት በሩ አጠገብ ሆና ፊቱን አየችው።

ራጅ ሲነሳ ደረቷ መሃል በነጭ ተሞልቷል። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ በሦስት ሳምንት መልስ መጣ። ሊምፎማ ይላል፤ የንፍፊት ካንሰር። ከአንገት ወርዶ ደረት ገብቷል፣ ከደረትም አልፏል።

ዶክተር ነብዩ ለቤተሰቡ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር ብሎ ነገራቸው። በዚያው ቀን ስርጉት ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። ያልገባት ነገር አልነበረም። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለው ቁጥር በሽታው ሲያድግ ያሳያል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ እሷ ስትሸፍነው። ደብተሩን ይዛ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። እሱም አነበበው፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ደንቡን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ አላት፤ ይህንን ለማንም አታሳዪ፣ ልጅቷን አያድናትም። ስለ ሠላሳ ስድስቱ ስትጠይቀው ደግሞ ያልተሻለው ራሱ ተመልሶ ይመጣል አላት። ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቶ ነበር።

ጣሂራ ለሕክምና አዲስ አበባ የምትበረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስርጉት ዓርብ ከሰዓት ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በባጃጅ ወደ ቤታቸው ሄደች። የግንቦት ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ቤቱ ያለው ከገበያው ጀርባ፣ በቀርከሃ አጥር የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። የጣሂራ ወንድም ኻሚስ ሻንጣ በገመድ እያሰረ ነበር፤ አብሯት የሚሄደው እሱ ነው። ሰላም ብሏት ወደ ውስጥ አሳያት።

ጣሂራ ሦስት ትራስ ተደርቦላት ቁጭ ብላለች፤ መጋደም ትታለች። ሻሿ ከጎኗ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አንገቷ ላይ ናሙና የተወሰደበት ቦታ በፕላስተር ተሸፍኗል። ከእግሯ በኩል፣ ምንጣፉ ላይ፣ እናቷ ዐፊፋ ተቀምጣለች። ልጇን ለመሸኘት ከሆሞሻ የመጣች፣ እጆቿ የእርሻ እጆች የሆኑ፣ ዓይኗን ከስርጉት ላይ የማታነሳ ሴት ናት። ስርጉት ተቀመጠች። ሻይ መጣላት።

ከዚያ ዐፊፋ በራሷ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረች። ጣሂራ እስክትጨርስ ጠብቃ፣ ልክ እንደ ሥራ ቦታዋ ዓይኗን ወደ ስርጉት መለሰች።

«ማሽኑ ነው ወይ ያመጣባት፣ እያለች ነው። ዘመዶች እንደዚያ ነግረዋታል። በየቀኑ አንገቷን ሲጫናት ከርሞ ነው ብለዋታል። ከአንቺ አፍ መስማት ትፈልጋለች።»

ስርጉት ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀችም። መልሱን ግን ታውቀዋለች፣ የምታውቀውን ነገር ደግሞ ለመናገር ጊዜ አይወስድባትም። ማሽኑ የሚልከው ድምፅ ብቻ ነው፣ በሽታ አያመጣም፣ እርጉዝ ሴትም ሆድ ውስጥ ያለ ልጅም ይታይበታል አለች። አንድም ውሸት የለበትም። ጣሂራ ተረጎመችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉሟ አጭር ሆነ።

የዐፊፋ ፊት ተፈታ። ከምንጣፉ ተነስታ መጣችና የስርጉትን ቀኝ እጅ፣ ያንኑ እጅ፣ በሁለት እጇ ያዘችው። የመዳፏ ሻካራነት ይሰማል። ከዚያ በምትችለው አማርኛ ራሷ ተናገረች።

«ይቅር በል ልጄ። እኔ ክፉ አሰበ አንተን። ሰው ነገረኝ፣ እኔ አመነ። ይሄ እጅ አላህ ይጠብቀው። ልጄን የረዳ እጅ ነው።»

ግንባሯን እዚያ እጅ ላይ አሳረፈች። ስርጉት እጇን መንጠቅ ፈለገች፤ አልነጠቀችም። አሜን ማለት ነበረባት፣ አልወጣላትም። ቀና ስትል የጣሂራ ዓይን እሷ ላይ ነበር።

ጣሂራ እናቷን አንድ ነገር አለቻት፤ ዐፊፋም ዓይኗን ጠርጋ፣ የስርጉትን ትከሻ መታ መታ አድርጋ ኻሚስን ልታግዝ ወደ ግቢው ወጣች። የሻንጣው ገመድ ሲጠብቅ ከውጭ ይሰማል።

«ለእማ የነገርሻት እውነት ነው» አለች ጣሂራ።

«እውነት ነው።»

«ሙሉው ነው?»

ስርጉት ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ጣሂራ አልከፈተችውም።

«የእኔ ጽሕፈት ነው፤ ምን እንዳለበት አውቃለሁ። ታኅሣሥ ላይ ሃያ ሁለት። ጠየቅኩሽ።»

«ጠየቅሽኝ።»

«እጄ ነው አልሽ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔም እጇ ነው አልኩ። ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ደስ አለኝ። ለአንቺ ደስ አለኝ።» ሳሏ አቋረጣት፤ ትራሱን ደግፋ አሳለፈችው። «ዶክተር ማንም አያውቅም ነበር አለ። አንቺም እንደዚያ ትያለሽ?»

ስርጉት እዚህ የመጣችው ለዚህ ነበር፤ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆና ንግግሩን ሦስት ጊዜ አሳምራዋለች። አሁን ያንን ሁሉ ተወችው። አንድ ቃል ብትል፣ አዎ ብትል፣ ጣሂራ ልታርፍ እንደምትችል አየች። ነገ አውሮፕላን ላይ ስትቀመጥ ዕጣዬ ነው ብላ ትቀመጣለች። ስርጉትም ታርፋለች።

«አልልም» አለች። «ታይቶ ነበር። ቁጥሩ እየነገረን ነበር፣ እኔ ነኝ ያወረድኩት።»

«ያኔ ብንሄድ?»

«ያኔ አንገትሽ ላይ ብቻ ነበር መሰለኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«ሳትድኚ አትቀሪም ነበር» አለች ስርጉት።

ጣሂራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አላለቀሰችም፤ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ብቻ በጣቶቿ ጨምድዳ ያዘች፣ ለቀቀች፣ መልሳ ጨመደደች። ስርጉት እጇን ዘርግታ ልትይዛት አሰበችና ተወችው። ያ እጅ ከእንግዲህ እዚያ አካባቢ ምንም ሥራ የለውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አታውቅም፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቷን አላየችም።

«ሌሎቹስ?» አለች ጣሂራ፣ ሳትዞር።

«ሌሎቹ ማን?»

«በዚያ እጅ የለካሻቸው።»

ስርጉት ሠላሳ ስድስት መሆናቸውን ነገረቻት። ከመካከላቸው ደህና ናችሁ ተብለው የሄዱት ሃያ ስምንት ናቸው፤ የጣሂራን ሃያ ሁለት ወደ አሥራ አራት ያወረደ እጅ የእነሱንም ከሠላሳ ወደ ሃያ ሊያወርደው ይችላል። መዝገቡ ላይ ስምና ወረዳ፣ ካላቸውም ስልክ ብቻ ነው ያለው። ስልክ ለሰጡት ሁሉ ደውላላቸዋለች፤ አሥራ ሰባቱን አግኝታ ተመለሱ ብላቸዋለች። የቀሩት አሥራ አንዱ ወይ ስልክ የላቸውም፣ ወይ የጎረቤት ቁጥር ሰጥተው ጎረቤቱ አላውቃቸውም ብሏል። ዶክተሩ ደግሞ መፈለጉን አይወደውም።

«እሱን አልጠየቅኩም» አለች ጣሂራ። ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ግን ካርድ ክፍል የምታወጣው ድምፅ ነው። «ደህና ናችሁ ሂዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በቋንቋችን። እኔን አምነው ነው የሄዱት፣ ማሽንሽን አይደለም። እስክሪብቶ አለሽ?»

ስርጉት ደብተሩን ወሰደች፤ ከመጨረሻው ባዶ ገጽ ከፈተች።

ጣሂራ አንድ በአንድ ነገረቻት። በስም ብቻ አይደለም፤ ማን የማን ቤት እንደሚያርፍ፣ ማን በየትኛው ገበያ እንደሚውል፣ የማን ሚስት ከማን ጋር እንደምትዛመድ ታውቃለች። አብዱልረሂም የሆሞሻ ሽማግሌ ነው፤ ጆሮው አይሰማም፣ ልጁ መስጊዱ አጠገብ ወፍጮ ቤት አለው። ጂራታ ከባምባሲ ወጣ ብሎ ማንጎ ያለበት ግቢ ነው ቤቱ፤ ማንጎ ልትገዢ የመጣሽ አስመስለሽ አትግቢ፣ ይከራከርሻል፣ ቀጥታ ንገሪው። ካማሺ የሄደው ሰውዬ ሩቅ ነው፤ ስልክ ባይኖረውም እህቱ እዚሁ መናኸሪያ ዳቦ ትሸጣለች። ስርጉት አላቋረጠቻትም፣ አልቀደመቻትም። ጣሂራ ሳል ሲይዛት እስክሪብቶውን ገጹ ላይ እንዳቆመች ትጠብቃታለች። አሥሩን ጻፈች።

«ሳሊማ ቀረች» አለች ጣሂራ። «የመንጌዋ። ወርቅ የምታጥበው፣ ያቺ ቀጭኗ። የእሷ ስንት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«በዚያ እጅ አሥራ ዘጠኝ።»

«አዎ።»

«ሦስት ልጅ አላት። ስልክ የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወርቋን ይዛ አሶሳ ገበያ ትመጣለች፤ ጨው ነጋዴው ኦመር ጋ ነው ዕቃዋን የምታስቀምጠው። በጠዋት ካልሆነ አታገኚያትም፣ ሸጣ ወዲያው ነው የምትመለሰው።»

ስርጉት ጻፈችው። የሚጻፍ ነገር አለቀ። ደብተሩን ዘጋች፣ እስክሪብቶውን ከደነች፤ ከዚያም የሚቆይበት ሰበብ ሲያልቅበት እንደሚደነግጥ እንግዳ ክፍሉን ዙሪያውን አየችው። ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም። የሰው እግር ስትረግጥ እንኳን ለምን እግርህን ዘረጋህ የምትል ናት። ቢሆንም ቃሉን አወጣችው።

«ይቅር በይኝ፣ ጣሂራ።»

ጣሂራ ሻሿን ከጎኗ አንስታ ራሷ ላይ አደረገች። ጫፉን አዙራ፣ ፕላስተሩን ሸፍና፣ ከትከሻዋ ኋላ ጣለችው። ጊዜ ወሰደባት፤ ክንዶቿ ቀጥነዋል።

«እሱን ስመለስ» አለች።

ስርጉት ራጁን አይታለች። ጣሂራም ስርጉት ማየቷን ታውቃለች።

«ጣሂራ—»

«ሂጂ በቃ። ደክሞኛል። እማ ስትገባ እያለቀስሽ እንዳታገኝሽ፤ አንቺን ማጽናናት ትጀምራለች፣ እሱን አልችልም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ስርጉት ተነስታ ቆመች፤ ያ ረጅም አንገት በሻሹ ተሸፍኖ፣ ትከሻዋ በትንፋሿ ልክ ከፍ ዝቅ ሲል አየች። ነገ ጠዋት አውሮፕላኑ ሲነሳ ኦመር ሱቅ በር ላይ እንደምትሆን ልትነግራት ፈለገች፣ ግን እሱም ለጣሂራ ሳይሆን ለራሷ የሚጠቅም ንግግር ሆኖ ታያት። ደብተሩን ዝናቡ እንዳይነካው ከሹራቧ ሥር ሸጎጠች፣ ወጣች፣ የቆርቆሮውን በር ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ይዛ ዘጋችው።